የሹክሹክታው እሳት አደጋ ጣቢያ

ባለፈው ወር ናይሮቢ ላቪንግተን ሰፈር አንድ ግቢ ጓሮ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን ስንገባ፣ የበር ቁልፍ ልገዛ መሃል ከተማ ወረድኩ። የብረታ ብረት ሱቁ ውስጥ የቅባትና የዝገት ሽታ ታፍኗል። ሻጩ ሽማግሌ ሕንዳዊ ነው፤ የምፈልገውን ሳይጠይቀኝ አንድ የናስ ጓጉንቸር ከመደርደሪያ አንስቶ ጆሮዬ ሥር ቀጭ አደረገው። “ጠንካራ ነው፣ ልጅሽ አግብታ እስክትወልድ ያገለግልሻል” አለኝ በስዋሂሊ።  ያቺን ቀጭ የምትል ድምፅ ስሰማ ባንኮኒውን ደገፍ አልኩ። ጎኔ የቆመችው ልጄ ኤልዳና ቀና ብላ አይታኝ፣ “ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?” አለች። ደህና ነኝ አልኳት። ደህና አልነበርኩም። ወደ ልጅነቴ ተመልሼ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከውጭ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ነበርኩ። የእናቴ ጫማ በደረጃው እየራቀ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ጎረቤታችን ጋሽ ድንቁም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ጊዜው የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ አሥር ዓመት ሞልቶኛል፣ እህቴ ሊዲያ ደግሞ ገና ጥርሷ እየወለቀ ነበር። የምንኖረው ከሱቆች ጀርባ በተወሸቀ፣ ቀለሙ በተላጠ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። አባታችን በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። እማዬ እዚያው ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። የስደተኛነት ወረቀታችን ጊዜው አልፎበታል፤ ይታደሳል ሲባል ዛሬ ነገ፣ ነገ ደግሞ ከነገ ወዲያ እየሆነ ቀርቷል።

ናይሮቢ ውስጥ አፈሳ የሚባል ነገር ነበር። ፖሊስ በድንገት ሰፈር ይከብብና ኪፓንዴ፣ መታወቂያ ማለት ነው፣ እያለ በየበሩ ያንኳኳል። የሌለው መኪና ላይ ይጫናል። ታዲያ እኛ ሐበሾች አንድ ዘዴ ፈጥረን ነበር። ወረቀት የሌለው ሰው ቤት ውስጥ ይገባል፣ በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ይቆለፋል፣ ቁልፉን የሚወጣው ሰው ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ፖሊሱ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ ጓጉንቸሩን ሲያይ ሰው የለም ብሎ ያልፋል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ብቻ በዘዴው በጣም እንኮራበት ነበር። እማዬ ወረቀት ባይኖራትም ካልሠራች አንበላምና በማለዳ በጓሮ በኩል ሹልክ ትላለች፤ እኛን ግን አፈሳው ረገብ እስኪል ድረስ ትምህርት ቤት እንኳን አትልከንም። ቆልፋብን ትሄዳለች።

የተቆለፈበት ቤት የራሱ ሕግ አለው። ጫማ አይደረግም። ቴሌቪዥን አይከፈትም። ሽንት ቤት ውሃ አይለቀቅም፣ ሽታውን ችለን እንቀመጣለን። ሊዲያ ማስነጠስ ሲመጣባት ፊቷን ትራስ ውስጥ ትቀብራለች። መስኮቶቹ ሁሉ፣ እንደ ናይሮቢ መስኮት ሁሉ፣ በወፍራም የብረት ፍርግርግ የታጠሩ ናቸው፤ ሌባ እንዳይገባ ተብሎ። በብረቱ መሃል ከታች በቆሎ የምትጠብሰውን ማማ ዋንጂሩን፣ የከሰል ምድጃዋን ጭስ፣ ጥሩምባውን እያንባረቀ የሚያልፈውን ማታቱ ሚኒባስ እናያለን። ዓለም ሁሉ ይጮሃል፣ እኛ ብቻ ዝም ብለናል። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሆድ ያባባል፤ አንዳንዴ ያለ ምክንያት አለቅስ ነበር፣ እሱንም ያለ ድምፅ።

ጋሽ ድንቁ ከላያችን ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን የሚኖር ጎረቤታችን ነበር። ስልሳውን የደፈነ፣ ረጅም፣ የግራ ጆሮው ጫፍ በእሳት ተልጦ የቀረ ሰውዬ። አዲስ አበባ ፀጉሩ እስኪሸብት እሳት አደጋ ውስጥ ሠርቷል። ለምን እንደተሰደደ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረን፤ አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ የውሃ መኪናውን ወስደህ ሰልፍ የወጣ ሰው በትንበት አለው። “ውሃው ለሚቃጠል ነው አልኩት” አለን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘሎ ስለ ሞያሌ መንገድ አወራን። አውስትራሊያ ያለች አንድ ልጁ ልትወስደው ሂደት ጀምራለች። ከሚያልቀው ይልቅ የማያልቀው የሚበዛ ሂደት ነው። ከፖሊስ ጋር ከተነካካህ ፋይልህ ከሁሉም ሥር ይገባል ብለው አስፈራርተውታል። ስለዚህ እሱም አፈሳ ሲመጣ ይደበቃል።

እማዬ ለመነችው። “ጋሼ፣ እርስዎም ብቻዎን ከሚዘጋብዎ ከልጆቹ ጋር ይዋሉልኝ” አለችው።

“መዋሉንስ እውላለሁ። ግን አስቴር፣ ልጅ ያለበት ቤት ከውጭ አይቆለፍም።”

“ታዲያ ምን ላድርግ? ከውስጥ ብቆልፈው ያንኳኳሉ። ካልተከፈተላቸው ይሰብራሉ።”

“እሳት ቢነሳስ?”

“ኧረ ጋሼ፣ እሳቱን እዚያው አገርዎ ይተዉት! እኔ የምፈራው ፖሊስ ነው” አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ቁልፉን አነሳች።  ጋሽ ድንቁም ፖሊስ ይፈራ ነበርና ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቀጭ።

እማዬ አንቱ ነው የምትለው። እኛም አንቱ ልንለው ስንል በሁለተኛው ቀን ከለከለን። “ጣቢያ ውስጥ አንቱታ የለም” አለ በሹክሹክታ። “አንቱ እስክትሉኝ ቤት ይቃጠላል።” ጣቢያው ይህች ቤታችን እንደሆነች የገባን ያኔ ነው። ለሊዲያ ስልክ ተቀባይነት ሰጣት፤ ለእኔ የቱቦ ኃላፊነት። እሱ ሹፌር ሆነ። ሊዲያ አኩርፋ፣ “ዋይ? እኔ ዋተሩን ነው የምፈልገው!” ስትለው ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ስልክ ተቀባይ ከሁሉም እንደሚበልጥ አስረዳት። ሌላው ሁሉ እሱ በሰማው ልክ ነው የሚንቀሳቀሰው። አዲስ አበባ ቤት ቁጥር አይነገርም፤ የደወለ ሰው “ከትልቁ ዛፍ ወረድ ብሎ፣ የእማማ እንትና ጠላ ቤት ጋ” ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ስልክ ተቀባዩ ሳይቆጣ፣ ሳይጣደፍ፣ ከሚያለቅስ ሰው አፍ መንገዱን ማውጣት አለበት። ሊዲያ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማዬን አሮጌ ሞባይል ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ “አይዞህ፣ የት ጋ ነው?” ስትል ትውል ነበር።

ታሪኩን ሁሉ በሹክሹክታ ነው የነገረን። ዛሬ ድረስ ስለ እሳት አደጋ ሳስብ በሹክሹክታ ነው የማስበው። በአባቱ ጊዜ፣ ይለናል፣ እሳት አደጋ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ የቀጠራቸው ጥቂት የቀን ሠራተኞች ነበሩ። አባቱ ከእነሱ አንዱ ነው። ደወል ይደወላል፣ በእጅ የሚገፋ የውሃ ፓምፕ በጋሪ ይዘው ይሮጣሉ፣ የሰፈሩ ሰው ባልዲና እንስራ ይዞ ይሰለፋል። ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ቤቱ አልቋል። ሰውም ይሰድባቸዋል፣ አመድ ልትዘግኑ ነው የመጣችሁ እያለ። ቀጥሎ ቀይ መኪና መጣ። የመኪናው መመሪያ ጽሑፍ ማንም በማያነበው የፈረንጅ ቋንቋ ስለነበር የትኛው እጀታ ምን እንደሚያደርግ ያወቁት አንድ በአንድ እየነካኩ፣ እርስ በርስ ውሃ እየተረጫጩ ነው። ይህን ሲነግረን ሊዲያ ሳቋ አምልጧት ሦስታችንም ደንግጠን በሩን አየን።

እሱ ሲቀጠር ደግሞ ነገሩ ሥርዓት ይዞ ነበር። የራስ ቁር አለ፣ ማዕረግ አለ፣ ተረኛ አለ። ግማሹ ልብሱን እንደለበሰ ይተኛል፣ ግማሹ መኪና ያጥባል። ቅርንጫፍ ጣቢያ በየአቅጣጫው ተከፈተ። መንግሥት ሲለወጥ የጣቢያው በር ላይ ያለው ስም ይለወጣል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ይለወጣል፣ አለቃው ይለወጣል። “መኪናው ግን ያው መኪና ነው፤ እኛም ያው እኛ ነን” ይል ነበር። ይህን ሲል ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ የሆነ የማይታይ ነገር ይጠቀልላሉ።

ቱቦ ነበር የሚጠቀልለው። ከሁሉ በላይ የሚያከብረው ሕግ እሱ ነው። እሳት ጠፋ ማለት ሥራ አለቀ ማለት አይደለም፤ ሥራ የሚያልቀው ቱቦው ታጥቦ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ ተጠቅልሎ መኪናው ላይ ሲመለስ ነው። ተዝረክርኮ የተጫነ ቱቦ በሚቀጥለው እሳት ላይ ይተበተባል፣ እስኪፈታ ደግሞ ሰው ይሞታል። አባቱ ቱቦ ጥሎ ቡና ሊጠጣ የሄደን ባልደረባ ለወራት አላናገረውም አለን። ሊዲያ የውሃ መቅጃውን ገመድ፣ እኔ የልብስ ማስጫውን እየጠቀለልን እየፈታን ተለማመድን። ከመሃሉ አጥፈህ፣ ሁለቱን ጫፍ እኩል ይዘህ፣ እያጠበቅህ ወደ ራስህ። ደግመን እንሠራዋለን። ሌላ ምን ሥራ ነበረን?

ግን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ጋሽ ድንቁ በሩን በሰላም ማየት አይችልም ነበር። አጠገቡ ሲያልፍ በእጁ ጀርባ ዳበስ ያደርገዋል። ፍርግርጉን እየያዘ ይወዘውዛል፤ አይነቃነቅም። አንድ ማለዳ እማዬ ልትወጣ ስትል መንገድ ዘጋባት።

“አንድ ትርፍ ቁልፍ አስቀርጪልኝ።”

“ከውስጥ ሆነው ምን ሊያደርጉበት? ጓጉንቸሩ በውጭ ነው።”

“በገመድ ለማማ ዋንጂሩ አወርደዋለሁ። እሷ ወጥታ ትከፍታለች።”

እማዬ አይኗ ፈጠጠ። “ለበቆሎ ጠባሿ? ጋሼ፣ ቤቴን እኮ ነው! ነገ ለፖሊስ ብትሰጠውስ? ዕቃዬን ብታስወጣስ?”

“ልጆችሽን ነው ማስወጣት የምፈልገው” አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ነው የመሰለኝ። እማዬ ለቀናት አኮረፈችው። ወጡን ሳታየው ታቀርብለታለች። በኋላ አንድ ማታ መጥታ ትንሿን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፉ ከሰማያዊ የናይሎን ገመድ ጋር ታስሮ መስኮቱ ሥር ባለ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ማማ ዋንጂሩን ያነጋገራት ራሱ ነው። ከእሱ ስዋሂሊና ከእሷ አማርኛ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም፤ ብቻ ተግባቡ። በየቀኑ በእረፍቷ ሰዓት ገመዱን በዝምታ እናወርዳለን፣ እሷ ጫፉን ነክታ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እኛ መልሰን ስበን እንጠቀልላለን።

ከኮሪደሩ ማዶ ሰሚራ የምትባል ገና አራስ የሆነች ልጅ ነበረች። ባሏ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ ይነግዳል፤ ሲሄድ ቆልፎባት ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። ጋሽ ድንቁ እሱንም ትርፍ ቁልፍ ለመነው። “አባባ፣ ሚስቴንና ልጄን ለማላውቃት ሴት አደራ አልሰጥም” አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እንደ እማዬ ፈርቶ ነው።

እሳቱ የተነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት የፖሊስ መኪና የሕንፃው መግቢያ ጋ ስትቆም አይተን ስለነበር ያን ቀን ሹክሹክታውም ቀንሶ ነበር። መብራት ጠፍቶ ውሎ ድንገት መጣ፤ ፍሪጁ መንዘር ጀመረ። ከሥራችን ያለችው ተከራይ መብራት ሲጠፋባት ካውያዋን ፍራሹ ላይ እንደተሰካ ትታው መውጣቷን የሰማነው በኋላ ነው። ጋሽ ድንቁ እያወራልን ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አቆመና አፍንጫውን ወደ በሩ አዞረ።

“ጥጥ ነው” አለ።

ወለሉን በመዳፉ ነካ። እኔም ነካሁ፤ ሙቅ ነበር። በበሩ ሥር ቀጭን ግራጫ ጭስ እየተሳበ ገባ። ጋሽ ድንቁ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ከታች ከመግቢያው አጠገብ ሁለት ፖሊሶች ሶዳ ይዘው ቆመዋል። ወደ እኛ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ልጅ ብሆንም አልሳትኩትም። ከጮኸ ይሰሙታል። አውስትራሊያ፣ ልጁ፣ ያ ሁሉ የተጠበቀ ዓመት፣ እዚያች መስኮት ላይ ነበር። ብዙ አልቆየም። አፉን ከፍርግርጉ ላይ አስጠግቶ፣

“ሞቶ!” ብሎ ጮኸ። “ማማ ዋንጂሩ! ሞቶ!” እሳት ማለቱ ነው።

ያንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ሕንፃውን ያናወጠው ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ “ጩኹ!” አለን። ሊዲያ አፏን በሰፊው ከፈተችና፣ “ሞቶ” አለች በሹክሹክታ። እኔም ሞከርኩ፤ አልወጣልኝም። ያን ያህል ሳምንት ታፍኖ የከረመ ጉሮሮ በአንዴ አይከፈትም። ጋሽ ድንቁ ተንበርክኮ ሁለታችንንም ትከሻችንን ያዘ። “በሙሉ ድምፅ! የጣቢያ ትእዛዝ ነው!” አለ። ያኔ ሊዲያ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ፣ ከዚያ ወዲያ የማቆም አልመሰለኝም። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ነገር ዛሬም በደንብ መናገር አልችልም፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፣ ደስታም ነበረበት።

“ራሄል፣ ቱቦ!” አለኝ። ገመዱን ከምስማሩ አንስቼ በብረቱ መሃል ለቀቅኩት። በወጉ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ስለነበር አንድ ጊዜም ሳይተበተብ ወረደ። ማማ ዋንጂሩ ቁልፉን በጥሳ ስትሮጥ የበቆሎ ምድጃዋ ተገለበጠ። ጋሽ ድንቁ እስክትመጣ ፎጣ አርጥቦ አፍና አፍንጫችን ላይ አሰረልን። ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አላውቅም፣ ብቻ በሩ ሲከፈት ካንጋ የሚሉትን የወገቧን ጨርቅ አፏ ላይ ጠምጥማ፣ አይኗ እንባ እያፈሰሰ ቆማ ነበር። “ራሄል ፊት፣ ሊዲያ መሃል፣ እጅ ግድግዳ ላይ፣ ዝቅ ብላችሁ!” አለን ጋሽ ድንቁ። እሱ ግን አልተከተለንም። ከጓዳ የእማዬን የብረት ዘነዘና ይዞ ወጣና ወደ ሰሚራ በር ሄደ።

ደረጃውን ስንወርድ የዘነዘናው ድምፅ ከላያችን ይሰማ ነበር። ብረት በብረት ላይ፣ እንደገና ብረት በብረት ላይ፣ መሃል ላይ የሰሚራ ጩኸት። ከሁለቱ ፖሊሶች አንደኛው ሶዳውን ወርውሮ በአጠገባችን ሽቅብ ሮጠ። ውጭ ወጥተን አየር ስንስብ ዘነዘናው አሁንም ይመታል። ከዚያ ዝም አለ። ያቺ ዝምታ ከሁሉ የባሰች ነበረች። በመጨረሻ ፖሊሱ ሕፃኑን በኮቱ ሸፍኖ ብቅ አለ፣ ከኋላው ሰሚራ በባዶ እግሯ፣ ከሁሉም ኋላ ጋሽ ድንቁ ዘነዘናውን እንደ ምርኩዝ ይዞ እያሳለ።

የከተማው እሳት አደጋ፣ ዚማ ሞቶ ይሉታል በስዋሂሊ፣ ጠባቡን መንገድ በመከራ ገብቶ ደረሰ። ቀይ መኪና፣ ቢጫ ኮት የለበሱ ሰዎች። ጋሽ ድንቁ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አይኑን ሳይነቅል ይመለከታቸው ነበር። አንዱ ቱቦ ሲያያይዝ የእሱም ጣቶች አብረው ያያይዛሉ። እማዬ ሽርጧን እንደታጠቀች ከምግብ ቤት እየሮጠች መጣች፤ ሁለታችንን ሰብስባ ማማ ዋንጂሩ የበቆሎ ጆንያ የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ጀርባ አስገባችን። የቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ አይኔን አደረግኩ።

እሳቱ ጠፍቶ ሰው መበተን ሲጀምር ፖሊሶቹ ተጨማሪ ሰው ጠርተው ነበር፤ የተሸሸገ ሰው ሁሉ ወጥቶላቸዋል። ማማ ዋንጂሩ እጇን እያወናጨፈች፣ “ሙዜ! ኩጃ! ኩጃ ሃፓ!” ብላ ጋሽ ድንቁን ጠራችው፣ ሽማግሌው ና ወደዚህ ማለቷ ነው። ከእኛ ጋር ለመደበቅ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር የሚቀረው። ሰምቷታል። ተነስቶም ነበር። ግን በመሃል መንገድ ላይ የእሳት አደጋዎቹ ቱቦ ጭቃ ውስጥ ተዘርግቷል፤ ቢጫ ኮት የለበሰ አንድ ወጣት ብቻውን ከአንድ ጫፍ ይጎትታል። ጋሽ ድንቁ ወደ ማማ ዋንጂሩ አንድ ጣቱን አነሳ፤ አንዴ ቆዪ ማለቱ ነው። ጎንበስ ብሎ የቱቦውን ሌላ ጫፍ አነሳ።

ወጣቱ ቀና ብሎ አየውና ቦታ ለቀቀለት። አብረው ጠቀለሉት። አጥፈው፣ ሁለቱን እኩል ይዘው፣ እያጠበቁ። ውሃው ከጫፉ እየተጨመቀ ጋሽ ድንቁ ሱሪ ላይ ይፈሳል። እማዬ ከኋላዬ፣ “ጋሼ፣ ተወው፣ ስለ እግዚአብሔር ተወው!” አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ረስታ። በሹክሹክታ ነበር፤ አልሰማትም።

ሕፃኑን ያወረደው ፖሊስ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። ፊቱ ገና ጥላሸት ነው። “ሙዜ፣ ኪፓንዴ?” አለው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ ያፈረ ሰው ድምፅ። ጋሽ ድንቁ ማሰሪያውን እስኪያስር ጠበቀው። ወጣቱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በመሃላቸው ገብቶ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀና “አምሪ” አለ፣ ትእዛዝ ነው። ጋሽ ድንቁ ጥቅሉን በሁለት እጁ አንስቶ ለወጣቱ አስረከበው። ከዚያ የፖሊሶቹ መኪና ላይ ወጣ።

ከእስር ቤት ወደ ሰሜን፣ ወደ ስደተኞች ካምፕ ወሰዱት። ፋይሉም እንዳሉት ከሁሉም ሥር ገባ። እሁድ እሁድ በሰው ስልክ ይደውልልን ነበር፤ ንፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ካምፑ ውስጥ ቤቱ ሁሉ ሸራና ሣር ስለሆነ እሳት አያጣውም አለን፤ አሸዋ የሞሉ ባልዲዎች በየመንገዱ አስቀምጦ ልጆች አሰልፏል። “እንደ አባቴ ጊዜ ከባልዲ ጀምሬያለሁ” ብሎ ሳቀ። ሊዲያን ሁልጊዜ፣ “ስልክ ተቀባይ፣ የት ጋ ነው?” ይላታል። ሁለት ክረምት አልፎ አንድ እሁድ አልደወለም፣ የሚቀጥለውም አልደወለም። ወባ ነው የገደለው አሉን። ልጁ ከአውስትራሊያ ደውላ እማዬ “በእኔ ልጆች የተነሳ ነው” እያለች ስታለቅስ፣ “አይደለም፣ አባዬ ቱቦ ጥሎ መሄድ አይችልም” አለቻት። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ተናድጄበት ነበር። አንድ ቱቦ! ሌላ ሰው ይጠቀልለው ነበር እኮ! እንደዚያ እያልኩ ብዙ አልቅሻለሁ።

ከእሳቱ በኋላ በመጣው አፈሳ እማዬ ሥራ አልሄደችም። በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ ቁልፉን እዚያው ቀዳዳው ላይ ተወችው፣ መሃላችን ተቀመጠች። በሩ ሲንኳኳ ሊዲያ እጄን ጨመቀችው። “ኩና ምቱ?” አለ ከውጭ ያለው ድምፅ፣ ሰው አለ? እማዬ ቀሚሷን አስተካከለች። “ቱኮ!” አለች፣ አለን። ድምፅዋ እንዲሰማ አድርጋ። ወሰዷት፤ ማታ ላይ የምግብ ቤቷ ባለቤት አስፈትቶ መለሳት። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ እንደወሰዷት አልቆጠርኩም። ቤታችን ግን ዳግም ከውጭ ተቆልፎብን አያውቅም።

ሱቁ ውስጥ ለሽማግሌው ሕንዳዊ ጓጉንቸሩን መለስኩለትና ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት የበር መዝጊያ ገዛሁ። ኤልዳና ስድስት ዓመቷ ነው። እጀታው ለእሷ እጅ እንዲደርስ ዝቅ አስደርጌ አስገጠምኩት፤ አናጢው ገረመው። ማታ ራት ሳንበላ አጠገቡ አቆምኳት።

“ጭስ ቢሸትሽ ምን ታደርጊያለሽ?”

“ኦፕን አደርገዋለሁ።”

“ከዚያስ?”

አሰበች። “እጮሃለሁ?” አለች በቀስታ፣ ልታስፈቅደኝ ይመስል።

“እስቲ ጩኺ።”

ጮኸች። የጎረቤት ውሻ ተነሳ፣ የግቢው ዘበኛ ባትሪውን አበራ፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ምን ሆናችሁ አለ። ምንም አልሆንንም አልኩት። ለኤልዳና ግን ዝም በይ አላልኳትም።